በጥር የምትዳር አንዲት እህት

ጥቅምት 9

ጋሽ አስረስ ዛሬም «ገና ነው» አለኝ።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች ተራ ይጠብቁ ስለነበር የሳል ሽሮፕ ጠየቅሁት። ሽሮፑን በጋዜጣ እየጠቀለለ፣ ቀና ሳይል፣ «ያ ያዘዝሽው ገና ነው፤ ኅዳር ላይ ወሬ ይኖራል» አለኝ። ስገዛው ይህ አራተኛዬ ነው። እማዬ ጠርሙሶቹን አልጋዬ ሥር አግኝታ «ስትስዪ ሰምቼሽ አላውቅም» አለች። ውስጥ ውስጡን ነው አልኋት።

ያዘዝሁት ነገር መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ አይደለም። ባሕር ማዶ ከሰው ማጅራት ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቆዳ ይወስዳሉ፤ በውስጧ ያሉትን ሴሎች ቤተ ሙከራ ውስጥ ያባዛሉ፤ ፀጉር በጠፋበት ቦታ መልሰው ይወጋሉ። ሙከራ ላይ ነው። እኔ ካወቅሁት ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙከራ ላይ ነው። ደሴ ያየችኝ የቆዳ ሐኪም «ሥሩ ሞቷል፤ የሞተ ሥር ላይ ቅባት ብታፈሺ የምታባክኚው ቅባቱን ነው» ስላለችኝ፣ ሌላ የምጠብቀው የለኝም።

ይህን ደብተር የገዛሁት የደንበኞች ቀጠሮ ልጽፍበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሱረያ፣ ቅዳሜ፣ ሹሩባ» ይላል። ከዚያ ወዲህ ያለው የኔ ሆነ።

ጥቅምት 13

ፀጉር ሠሪ ነኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ሥራው አሳፋሪ ሆኖ አይደለም።

ቤቴ ከመናኸሪያው ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ላይ ናት። አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ። ወንድ አይገባም። ግድግዳው ላይ በእጄ ጽሕፈት «እዚህ የታየ ራስ እዚሁ ይቀራል» የሚል ወረቀት አለ። ሴቶቹ ይወዱታል። የማን ራስ ላይ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ዓሣ የምትሸጠዋ ከጆሮዋ በላይ የቃጠሎ ጠባሳ አላት። የመምህርቷ አናት ሳስቷል። አንዷ ባለፈው እብጠት ይዛ መጣች፤ በር ነው የመታኝ አለችኝ፤ በር ነው አልሁ።

ወረቀቱን የለጠፍሁት ለነሱ ብዬ ነው።

የኔን እዚህ ከተማ ማንም አላየም። ኩዌት ስድስት ዓመት፣ እመቤቲቱ ከምግቧ ውስጥ ፀጉር እንዳታገኝ ወደ ኋላ ጎትቼ፣ በላስቲክ ጠፍሬ፣ በላዩ ሁለት ሻሽ አስሬ እሠራ ነበር። ስተኛም አልፈታውም። በየትኛው ሰዓት እንደምትጠራኝ አይታወቅም። በመጀመሪያ ግንባሬ ሸሸ። ከዚያ መሐሉ። ለንጽሕና ብዬ ነው የጎተትሁት። ማንም ጎትቺ አላለኝም፤ እሰሪ ነው የተባልሁት።

አብራኝ የነበረች ልጅ ዛሬም በስልክ ዊግ አድርጊ ትለኛለች። የሌላ ሰው ፀጉር መቀጠል ሐራም ነው። የራስ ሴል ግን የራስ ነው።

ጥቅምት 21

ዘይቱና መጣች። የሐቢብ ታላቅ እህት ናት፤ ከውጫሌ በሱ ሚኒባስ ወርዳ። ከሐቢብ ጋር ከተጫጨን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ሰርጉ ግንቦት ነበር፤ ፀጉር ቤቱ ገና ነው አልሁ። መስከረም ተባለ፤ እማዬን አሞኛል አስባልኋት። አሁን ጥር 24 ነው፤ ምክንያት አልቆብኛል።

ፀጉሯን እያጠብሁላት ስለ ሀገራቸው ልማድ ታወራልኝ ጀመር። «እኛ ዘንድ አምባሰል ሙሽራን የምትሠራት የባሏ ታላቅ እህት ናት። ሴቱ ሁሉ ደጅ ይቀመጣል። አንድ ጉንጉን ባለቀ ቁጥር ቁጥሩን እጠራለሁ፤ እነሱ እልል ይላሉ። የኔ ጊዜ አርባ አንድ ደርሶ የአክስቴ ድምፅ ለሳምንት ጠፋ።»

«አርባ አንድ» አልሁ።

«ያንቺን ደግሞ እናያለና።»

ይህን ስትል ውሃ ልጨምር ጎንበስ አልሁ፤ የሻሼ መርፌ ወለቀ። ሻሹ እስከ ማጅራቴ ወረደ። ሁለቱም እጄ በአረፋ ተሞልቷል። በክንዴ ገፋ አድርጌ ለመመለስ ስንት ጊዜ እንደወሰደብኝ አላውቅም፤ ረጅም ነበር። ዘይቱና አንገቷን ገንዳው ላይ አጋድማ ፊቷን ወደኔ አድርጋ ነበር። ዐይኗ ግን በሻምፖ ተሞልቶ ነበር።

«ውሃው ደስ ይላል» አለች። «አትቸኩይ።»

ዐይኗ በሻምፖ ተሞልቶ ነበር።

ጥቅምት 22

አላየችም። ብታይ ትጮህ ነበር።

ኅዳር 3

ሐቢብ በዘይቱና እጅ ስጦታ ላከ። ለታጨች ልጅ ማበጠሪያ፣ መስታወትና የፀጉር ቅባት ነው የሚላከው። ለኔ አምስት ሻሽ ላከ። ሐር ናቸው፤ ጥብቅ ሳይታሰሩ የማይንሸራተቱ ዓይነት፤ ከዱባይ ያስመጣቸው። ለፀጉር ሠሪ ማበጠሪያ ምን ያደርግላታል ብሎ ይሆናል።

በስልክ አመሰገንሁት። «አልጠበቁሽም?» አለኝ። የለም፣ አይጠብቁም አልሁት። ከዚያ ስለ ጎማ አወራኝ።

ኅዳር 8

ወሬው መጣ። ዛሬ መድኃኒት ቤቱ ባዶ ነበር፤ ጋሽ አስረስ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አዙሮ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በአማርኛ አነበበልኝ። የሁለተኛው ሙከራ ውጤት ጥሩ ነው። ከተወጉት ከግማሽ በላይ አብቅለዋል። ሁሉ ከቀና በሚቀጥለው ዓመት የገበያ ፈቃድ ይጠይቃሉ።

«ታዲያ ለኛ ሀገርስ?»

«መጀመሪያ ለነሱ ይብቀል፤ እኛ ከዚያ እንጠይቃለን።»

ጋሽ አስረስ ራሱ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ የተወለወለ ነው። «እኔ የማነበው ለሳይንስ ፍቅር ነው» ይላል። ነገር ግን ኩባንያው ስም ይመዘግባል፤ የኔንም እሱ ነው የሞላልኝ፤ ዛሬ ስልኩ ላይ አየሁት፤ ከኔ ስም በላይ አስረስ ይላል። አላየሁም አልሁ፤ ማለት፣ ምንም አላልሁም።

ደሴ አንድ ሰው በቴሌግራም «የሴል መርፌ አለ» እንደሚል ነገርሁት። መነጽሩን አወለቀ። «ልብና፣ እዚያው የሠሩት ሰዎች ገና አልሸጡትም። ደሴ በየት በኩል ቀድሞ ደረሰ?»

በሚቀጥለው ዓመት። ሰርጉን አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ የመጨረሻ ጊዜ ባስተላልፈው።

ኅዳር 12

እማዬ አልጋዬ አጠገብ የጥቁር አዝሙድ ቅባት አስቀምጣለች። «ለሳልሽ ነው» አለች። ለሳል የሚጠጣ መሰለኝ እንጂ የሚቀባ አልመሰለኝም ነበር።

ኅዳር 18

ይህ ነገር ስርቆት ነው ወይስ አይደለም? ሐቢብ ሳያየኝ ነው የሚያገባኝ፤ ሁላችንም ሳንተያይ ነው የምንጋባው፤ ያ ሥርዓቱ ነው። ግን ሥርዓቱ እንዲሸፍንልኝ አይደለም የተሠራው። በሌላ በኩል፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚበቅል ነገር፣ አለ ነው የሚባለው ወይስ የለም?

የሸህ ኑርሁሴን የሴቶች ደርስ፣ የሃይማኖት ትምህርቱ፣ ነገ ነው። እኛ ከመጋረጃው ወዲህ ሆነን ጥያቄ በወረቀት ጽፈን ሙዳይ ውስጥ እንከታለን፤ ስም አይጻፍም። ልጽፍ ነው።

ኅዳር 19፣ ጁምዓ

ጻፍሁ። ጽሕፈቴን ከግድግዳዬ ስለሚያውቁት በግራ እጄ ጻፍሁ። «በጥር የምትዳር አንዲት እህት ፀጉር የላትም። ባሏ አያውቅም። ከኒካህ በፊት መንገር አለባት?»

ሸሁ አራት ጥያቄ መልሶ የኔን አወጣ። ከመጋረጃው ማዶ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት። ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ፣ «ይህች እህት ከአላህ አልተደበቀችም፤ ታዲያ ከሰው መደበቁ ምን ያደርግላታል?» አለ። «ኒካህ በተሸፈነ ነገር አይጀመርም። ትንገረው። ቢተዋት፣ ከምን ዓይነት ሰው እንደዳነች ታውቃለች። ባይተዋት፣ ምን ዓይነት ሰው እንዳገኘች ታውቃለች። በሁለቱም አትከስርም።»

ጥሩ መልስ ነው። ከዚያ ከኋላዬ አንዲት ድምፅ በሹክሹክታ፣ «በጥር የምትዳረው ማን ናት?»

ለጽሕፈቱ ስጠነቀቅ ወሩን ጻፍሁ።

ኅዳር 20

ከደርሱ ሴቶች መካከል በጥር የምንዳረው ሁለት ነን። እኔና ሱረያ።

ኅዳር 23

ዛሬ ካስኩ ሥር ተቀምጠው፣ እኔ የማልሰማ ይመስል፦

«ሱረያ ናት እንጂ ማን ትሆን። ባለፈው ዓመት ታይፎይድ ጥሏት አልነበር?»

«ቤቷም ስትሄጂ ተሸፋፍና ነው የምታገኚያት።»

«ልብናስ አለች በጥር።»

«ኧረ ተይ፤ ፀጉር ሠሪ ራሷ መላጣ ብትሆን ማን ራሱን ይሰጣታል?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄን ሰማሁት። ከነሱ ይልቅ ረዘመ።

ሱረያ ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ነው። ሳበጥረው ክንዴ ይደክማል። ሚዶው መሐሉ ላይ ይቆማል። ይህን ከኔ በቀር የሚያውቅ እናቷ ብቻ ናት።

ኅዳር 28

እትዬ መስኡዳ መጣች። የሱረያ እጮኛ እናት ናት፤ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ከተማው ውስጥ ስትናገር ሰው የሚያዳምጣት ሴት። ደንበኞቹ እስኪወጡ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። የሙሽራ ነገር ከፀጉር ሠሪዋ ይጠየቃል፤ የባል እናት መጥታ ትጠይቃለች፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሁልጊዜ «ማሻአላህ ነው» እላለሁ፤ ያልቃል።

«የኔ ልጅ» አለች። «የምጠይቅሽን ታውቂዋለሽ።»

«ምኑን?»

«የሱረያን ራስ የምትሠሪው አንቺ ነሽ። አላት ወይስ የላትም?»

አላት ማለት ነበረብኝ። ሦስት ፊደል ነው። አላት ብል ግን «ታዲያ ያቺ ማን ናት?» ትለኛለች። በጥር ሁለት ሰው ነው። አንዷ ከወጣች የምትቀረው አንድ ናት። ይህን ሁሉ አሰብሁ ማለት አልችልም። እጄ ግድግዳው ላይ ወዳለው ወረቀት ሲያመለክት አየሁት።

«እትዬ፣ የሰው ራስ አላወራም» አልሁ።

ወረቀቱን አነበበችው። እኔንም አነበበችኝ። «አላህ ይስጥሽ፤ ተረድቻለሁ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ምን ተረዳች? ምንም አላልሁም። ምንም አላልሁም እኮ።

ታኅሣሥ 1

ሥራ የለም። የሐይቁ ጉም እስከ መንገዱ ወጥቷል። ቆሮሶ ዓሣ የሚሸጡት ልብሳቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ቀኑን ሙሉ ሚዶ አጠብሁ።

ታኅሣሥ 3

ሽማግሌ ወደ እነ ሱረያ ቤት ሄደ። እትዬ መስኡዳ «ሙሽራዋን ሴቶቻችን ይዩዋት» አለች። ይህ ሥርዓት አለው፤ ነውር አይደለም። ሱረያ ግን እምቢ አለች። «ወሬ ፈርተው ከሆነ የሚያዩኝ፣ ካዩኝም በኋላ ወሬ ይፈራሉ። አልገለጥም።» እናቷ አለቀሰች። እኛ ቤት ድረስ ተሰማ፤ ለቅሶው ሳይሆን ወሬው።

እማዬ ምስር እየለቀመች፣ «የሰው ልጅ ናት» አለች። ምስሩ ንጹሕ ነበር፤ ደግማ ለቀመችው።

ታኅሣሥ 5

እትዬ መስኡዳ ሱቅ ሄድሁ። በመንገድ ላይ አርባ ጊዜ ተለማመድሁት። «እትዬ፣ የሱረያ ፀጉር ሙሉ ነው፤ ወላሂ፣ ከዚህ ከተማ እንደሷ ያለው የለም።»

ጨርቅ ትለካ ነበር። ክንዷን ሳታነሣ፣ «ማን ላከሽ?» አለች።

«ማንም።»

«ባለፈው ሳምንት የሰው ራስ አላወራም ያልሽኝ ልጅ ነሽ። ዛሬ ትምያለሽ። እናቷ ናት የላከችሽ፤ አልፈርድባትም፤ እኔም ልጅ አለኝ።» ጨርቁን ቀደደችው። «መጀመሪያ ብትይኝ አምንሽ ነበር።»

እውነት ተናግሬ ውሸታም ሆኜ ወጣሁ። ለዚህ የበቃሁት በራሴ እጅ ነው። በግራው።

ታኅሣሥ 7

ሱረያ ለሹሩባ መጣች። ቀጠሮዋ ነው፤ ትመጣለች አላልሁም ነበር። መጋረጃውን ዘጋሁ። ፈታሁት፤ ወንበሩን ሞልቶ ወረደ። ከፍዬ መሥራት ጀመርሁ።

«ለምን አትገለጪላቸውም?» አልኋት። «አንድ ደቂቃ ነው፤ ያልቃል።»

«ለኔስ ያልቅልኛል።» መስታወቱ ውስጥ ታየኝ ነበር። «እኔ ከተገለጥሁ ወደዚያችኛዋ ይዞራሉ። ሰርጓ ሳይደርስ።»

«የላኩልሽ ዕቃ ተመልሶ ነገሩ ቢፈርስስ?»

«እንዲመለስ አልፈልግም» አለች። «ወድጄዋለሁ እኮ፣ ልጁን። ግን እሷ ራሷ ትናገር ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ። ጥር ሩቅ ነው።»

እጄ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። ስትሄድ ከፈለችኝ፤ አልቀበልም ብል አስገድዳ ሰጠችኝ።

የትኛዋን እንደምታስብ አልነገረችኝም። ማወቅ አትችልም።

ታኅሣሥ 8

ጋሽ አስረስ በር ላይ ቆሞ ሳልፍ ጠራኝ። «ወሬው እየጠነከረ ነው፤ ምናልባት ከሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ በፊት።» ደስ ብሎት ነበር። ዓመት ብቆይ። ሐቢብ «እስኪመችሽ» ይላል፤ ሁልጊዜ እስኪመችሽ ነው የሚለው። ለዓመት የሚበቃ ምክንያት ባገኝ፣ ፀጉር ይዤ አገባለሁ፤ ማንም ምንም ሳያውቅ።

ሱረያስ?

ታኅሣሥ 9

ነገ እነ ሱረያ የእጮኝነቱን ዕቃ ይመልሳሉ አሉ። ከአስር ሰላት በኋላ።

ታኅሣሥ 10

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሱቄን በቀትር ዘጋሁ። ከሐር ሻሾቹ አረንጓዴውን አሰርሁ፤ ለምን እንደመረጥሁት አላውቅም። አስር ተሰግዶ እነ ሱረያ ግቢ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ውስጥ ናቸው። እትዬ መስኡዳ፣ ሁለት እህቶቿ፣ የሱረያ እናት፤ ሱረያ ጥግ ላይ። መሐላቸው ላይ የታሰረ ሻንጣ።

«ወንድ የለም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የለም፤ ምነው?» አለች የሱረያ እናት።

በሩን ዘጋሁ። የሻሹን መርፌ ነቅዬ በጥርሴ ያዝሁ፤ ሥራ ላይ የማደርገው ነው። ፈታሁት። ውስጠኛውንም ፈታሁ። ከኩዌት ወዲህ አየር በቀን እዚያ ቦታ ነክቶኝ አያውቅም፤ ቀዘቀዘኝ።

«ያቺ እህት እኔ ነኝ» አልሁ። መርፌው ጥርሴ ውስጥ ስለነበር በደንብ አልወጣም። አውጥቼ ደገምሁት። «ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። እትዬ፣ ጠይቀሽኝ ዝም ያልሁት ለሱረያ ብዬ አይደለም። ለራሴ ብዬ ነው።»

ከእህቶቿ አንዷ «ፀጉር ሠሪዋ?» አለች።

«ዝም በይ» አለቻት እትዬ መስኡዳ። ተነሥታ ወደኔ መጣች። የምትመታኝ መስሎኝ ነበር። አናቴን በመዳፏ ነካችው፤ ጨርቅ እንደምታይ፣ በሙሉ እጇ። «ይህ የጉልበት ሥራ ያመጣው ነው» አለች። «የኔም እህት ከቤይሩት እንዲህ ሆና ነው የመጣችው። በነጠላ ሸፍነን ቀበርናት።» ከዚያ ወደ ሱረያ ዞረች። «በድዬሻለሁ፤ አውፍ በይኝ፣ ልጄ።»

«አውፍ ብያለሁ። አሁን ልግለጥ?»

«እንዳትገለጪ» አለች እትዬ መስኡዳ። «ማንም እንዲያይሽ አልፈልግም። ሻንጣውን ማን ነው ያሰረው? ፍቱት።»

ሱረያ ሻሼን ራሷ አሰረችልኝ። ላላ አድርጋ። ጆሮዬ ላይ፣ «ጠብቄሽ ነበር» አለች።

ከዚያ በሩጫ ወደ መናኸሪያው። ወሬው ሐቢብ ጋ ከመድረሱ በፊት። ሚኒባሱ ይጫናል፤ ረዳቱ «ውጫሌ፣ ውጫሌ» ይላል። ሐቢብ ጎማ በእግሩ እየመታ ነበር።

«ሐቢብ፣ የምነግርህ አለ።»

አየኝ። ሻሼን አየ። «ስለ ፀጉርሽ ከሆነ ቶሎ በይ፤ የቀረኝ ሁለት ሰው ነው።»

እዚያው መንገድ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዘይቱና ዐይኗ ውስጥ ሻምፖ የገባ ቀን።»

«ዐይኗ ተሞልቶ ነበር።»

«አንደኛው ነው የተሞላው።» እሱም አጠገቤ ተቀመጠ፤ መሐላችን የሰው ያህል ክፍት ትቶ። «ልነግርሽ አልደፈርሁም። ሻሽ ላክሁ። በሻሽ ይገባታል ብዬ። ምን ዓይነት ሻሽ እንደሚያሳርፍ ስንት ሰው ጠየቅሁ መሰለሽ፤ ከዚያ አልጠበቁም፣ አልጠበቁም ትያለሽ።»

«ሁለት ወር ዝም አልኸኝ።»

«አንቺስ ስንት?»

መቁጠር አልፈለግሁም። ረዳቱ «ሐቢብ፣ ሞልቷል» ብሎ ተጣራ። ሐቢብ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ።

«ጥር 24 ነው አይደል?» አለ። «እንደገና የምታስተላልፊው ከሆነ አሁን ንገሪኝ፤ አክስቴ ለእልልታው ድምፅዋን ከወዲሁ እያስቀመጠች ነው።»

«አይተላለፍም» አልሁ።

ታኅሣሥ 11

እንቅልፍ። እስከ ረፋድ።

እማዬ ቀሰቀሰችኝ። ወሬው ደርሷታል። «ሰማሁ» አለች። ከዚያ የጥቁር አዝሙዱን ጠርሙስ አንሥታ አየችው። «ምነው አልነካሽውም? በፊት ደርቆ ነበር እንጂ ይህን ያህል አልነበረም።» በፊት ማለት መቼ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ራሴን ጭኗ ላይ አሳረፍሁ፤ ቀባችኝ። ምንም እንደማይበቅል ሁለታችንም እናውቃለን። ይሞቃል።

ታኅሣሥ 19

አምስት ደንበኛ ጥሎኝ ሄደ። ቀንሷል ብዬ ስሰጋ፣ ዛሬ ዓሣ ሻጯ አንዲት የማላውቃትን ሴት ይዛ መጣች፤ ከጅዳ የተመለሰች። ሴትዮዋ መጋረጃው እስኪዘጋ አልተቀመጠችም። «አንቺ ነሽ አሉኝ» አለች። ሻሿን ፈታች። የኔ ራስ ወንድም ነው፤ ራሷ።

ምን እንደሚደረግ አላውቅም አልኋት። እኔም እንዲሁ ነኝ አልኋት። አጥቤ፣ ቀብቼ፣ የቀረውን ሳልጎትት ሠራሁላት።

ጥር 6

መድኃኒት ቤት ገባሁ። አራት ሰው ነበር። «ጋሽ አስረስ፣ ያ የፀጉር ነገር ከምን ደረሰ?» አልሁ፤ በሙሉ ድምፄ። ጋሽ አስረስ ቀላ። ወረፋው ላይ ያለ ሽማግሌ «ምን የፀጉር ነገር አለ?» ብሎ ባርኔጣውን ነካ አደረገ።

ዜናው ጥሩ አይደለም። ያበቀሉት ከዓመት በኋላ መልሶ ረግፏል። ሙከራው ከመካከል እንደገና ይጀመራል። ሦስት ዓመት፤ ምናልባት አምስት። ይህን ሲነግረኝ ፊቴን ይከታተል ነበር፤ ወንበር ሊያመጣልኝ የተዘጋጀ ይመስል። እኔም ፊቴን ጠበቅሁት። ምንም አልመጣም። ያዘንሁት ለሱ ነው።

«ስምሽን ልሰርዘው?»

«አይሰረዝ። ከማን ቀጥሎ ነኝ?»

«ከኔ» አለ፤ በጣም ዝቅ ብሎ።

«በሉ እርስዎ ይቅደሙ።»

ሽሮፕ ሳልገዛ ወጣሁ።

ጥር 15፣ ጁምዓ

የሱረያ ሰርግ ሳምንት አለፈው። ሹሩባዋን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከቀትር እስከ መግሪብ። ክንዴ ዛሬም ያመኛል። ደስ የሚል ሕመም።

ጥር 23

ነገ ኒካህ ነው። ዛሬ ሠሩኝ።

ዘይቱና ከአምባሰል ሴቶች ጋር ሁለት ሚኒባስ ሞልታ መጣች። ከጥቅምት ጀምሮ የፈራሁት ይህን ቀን ነው፤ ክፍሉን ሳይሆን ደጁን፤ ቆጠራውን። በጓዳው ውስጥ እኔና እሷ ብቻ። ደጅ ድቤ ይመታል።

«ልማዱን እንተወው?» አልኋት። «ወይም ዝም ብለሽ ሠላሳ፣ አርባ በይ፤ አይገቡም።»

«ሙሽራዬን በውሸት አልቆጥርም» አለች። ሻሼን ፈታች። ይህን ጊዜ ሁለቱም ዐይኗ ክፍት ነበር። ቅቤ አናቴ ላይ አደረገች፤ እንደ ፀጉር ራስ አሸችው፤ ከግንባሬ ጀምራ፣ ምንም ሳትዘል። ከዚያ ማጅራቴ ላይ የቀረውን በጣቶቿ ለየችው። ሳትጎትት ሠራች። እኔ ለሌላው እንደምሠራው አይደለም፤ የአምባሰል አሠራር ነው፤ ቀስ ያለ።

«አንድ» ብላ ጮኸች። ደጅ እልል አሉ።

«ሁለት።» እልል አሉ። ከመጀመሪያው በለጠ።

«ሦስት።» ይኸኛው እልልታ ቆየ። ሲያልቅ ድቤው ቆመ፤ አራትን እየጠበቁ። ዘይቱና ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ትንፋሿን ሰማሁት።

«አለቀ» አለች ወደ ደጅ። «ሙሽራችን ተሠርታለች። ሦስት ናት።»

እልልታው አልመጣም። ከዚያ የአክስትየው ድምፅ መጣ፤ ያ ለሳምንት ጠፍቶ ነበር የተባለው፦

«አልሐምዱሊላህ፤ ለነገ ጉሮሮዬ ተረፈልኝ።»

ሳቁ ከደጅ እስከ ጓዳ ገባ። ዘይቱና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከነሱ ጋር ጀምሬ፣ ከነሱ ጋር ጨረስሁ።